የርጭት ሥራ ልብስና የቤተ ሰብ ጤና

እናቶች ሆይ፤ ባላችሁ ወይም ልጃችሁ በእርሻ ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጭ እንደ ሆነ ይህን ትምህርት ልብ ብላችሁ ስሙ።

ይህ መድኃኒት ለተባይ ነው እንጂ ለሰው መርዝ ነው። በትንፋሽም በቆዳም ወደ ሰውነት ይገባል። አንዳንዱ የዚያኑ ዕለት ራስ ያዞራል፣ ያስታውካል። አንዳንዱ ግን ምንም ሳያሳይ ቆይቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር (ነቀርሳ) ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ «እኔን ምንም አላደረገኝም» ማለት አያዋጣም።

በ1775 እ.ኤ.አ. ፖት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም፣ በልጅነታቸው የጭስ ማውጫ ሲጠርጉ የኖሩ ሰዎች ካደጉ በኋላ ከጥላሸቱ የተነሣ ነቀርሳ እንደሚይዛቸው ጻፈ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ዲዲቲንና ማላታይንን ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚባሉት ጋር መደባቸው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ፤

1ኛ/ የሥራው ልብስ ከቤት ውጭ ይውለቅ። ሠራተኛው ገላውን በሳሙና ሳይታጠብ ሕፃን አይቀፍ፣ ማዕድ አይቅረብ።

2ኛ/ ልብሱ ከሌላው ሳይቀላቀል ለብቻው ይታጠብ። እጣቢውን ከምንጭና ከወንዝ አርቃችሁ ድፉ።

3ኛ/ የመድኃኒቱ ባዶ ጀሪካን መቶ ጊዜ ቢታጠብም ውሃ፣ ዘይት ወይም ጠላ አይያዝበት።

4ኛ/ እርጉዝ ሴትና ልጆች ወደ ርጭቱ አይጠጉ።

ጥያቄ፤ በቤታችሁ ውሃ የሚቀዳበት ጀሪካን ቀድሞ ምን ነበረበት?