በመብራት መልኩን ስለሚለውጥ የጌጥ ብርጭቆ አመራረጥ

በአሮጌ የጌጥ ዕቃ ንግድ በሻጭና በገዢ መካከል ክርክር ከሚያስነሡት ዕቃዎች አንዱ መልኩን የሚለውጠው ብርጭቆ ነው። ገዢው በሱቁ የፍሎረሰንት መብራት ሥር ውሃ ሰማያዊ የአበባ ማስቀመጫ መርጦ ዋጋውን ይከፍላል፤ ከደጅ ሲያወጣው ግን ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ሆኖ ያገኘዋል። ዕቃው የተቀየረበት ቢመስለው የሚፈረድበት አይደለም።

የዚህ ምክንያቱ ኒዮዲሚየም የተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፥ እርሱንም የኦስትሪያው ኬሚስት ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ እ.ኤ.አ. በ1885 ለይቶ አግኝቶታል። የኒዮዲሚየም ኦክሳይድ ከብርጭቆው ጋር ሲቀልጥ ከብርሃን ውስጥ በተለይ ቢጫውን ክፍል ውጦ ያስቀራል። የፀሐይና የባለ ክር አምፑል ብርሃን ቀለማቱን ሁሉ ሳያቋርጥ ስለሚይዝ፥ ቢጫው ሲጎድል ቀዩና ሰማያዊው ተደባልቀው ሐምራዊ ይታያሉ። የፍሎረሰንት ብርሃን ግን በጥቂት ቀለማት ላይ የተከማቸ በመሆኑ መልኩ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የኤል ኢ ዲ አምፑል ውጤቱ እንደ ሥሪቱ ስለሚለያይ ለመፈተኛ አይታመንም።

ዕቃውን በነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጦ በመጀመሪያ በመስኮት ብርሃን፥ ቀጥሎም በፍሎረሰንት ማየት ይበቃል። ስስ በሆነው ጠርዝ ለውጡ ደካማ ስለሚሆን ወፍራሙን የሥር ክፍል መመልከት ይሻላል። በማንጋኒዝ የተቀለመ ብርጭቆ በሁለቱም ብርሃን ሐምራዊነቱን አይለቅም።

ይሁን እንጂ ፈተናው የሚያስረዳው ብርጭቆው ከምን እንደ ተሠራ ብቻ ነው። ዕድሜውንና ሠሪውን አይናገርም፤ ኒዮዲሚየም ያለበት ብርጭቆ ዛሬም ይሠራልና። ብዙ ገንዘብ የሚጠፋውም በዚህ ላይ ነው።

በካርሎቪ ቫሪ ከተማ የሚገኘው የሞዘር ፋብሪካ በ1920ዎቹ በሌዎ ሞዘር መሪነት ይህን ብርጭቆ አሌክሳንድሪት ብሎ ለገበያ አቀረበ። በአሜሪካ ኦሃዮ፥ በኒውአርክ ከተማ የነበረው የሃይዚ ፋብሪካም በ1930ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ ስም ሠርቷል። በአንጻሩ የእንግሊዙ ቶማስ ዌብ በ1900 ገደማ አሌክሳንድሪት ያለው ብርጭቆ ከቢጫ ወደ ጽጌረዳ፥ ከዚያም ወደ ሰማያዊ በዕቃው ላይ ራሱ የሚሸጋገር ኅብር ነው እንጂ በመብራት አይለወጥም። ስለዚህ በደረሰኝ ላይ አሌክሳንድሪት የሚለው ቃል ብቻውን ምን እንደሚገዛ አይገልጽም።

ምልክትም ቢሆን ጥንቃቄ ያሻዋል። የሃይዚ ምልክት በአልማዝ ቅርጽ ውስጥ ያለች ኤች የተባለች የላቲን ፊደል ናት፤ ነገር ግን ምልክቱ የሌላቸው እውነተኛ የሃይዚ ዕቃዎች አሉ። ፋብሪካው በ1957 ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ቅርጽ ማውጫዎቹን ኢምፔሪያል የተባለው ኩባንያ በ1958 ገዝቶ ስለ ሠራባቸው፥ ምልክቱ ያለበት ሁሉ የሃይዚ ሥራ አይደለም። ቅርጹን ከፋብሪካው የድሮ ካታሎግ ጋር ማስተያየት ይበልጥ ያስተማምናል። የሥሩ መጫርም ይመረመራል፤ በአገልግሎት ብዛት የመጣው ጭረት ቀጭንና ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ የተበታተነ ሲሆን፥ ሆን ተብሎ በአሸዋ ወረቀት የተፋቀው ግን ወደ አንድ ወገን የተሰለፈ ነው።

ከውጭ አገር በፎቶግራፍ የሚያዝ አስመጪ አንዱን ዕቃ በመስኮት ብርሃንና በፍሎረሰንት የተነሡ ሁለት ፎቶግራፎች ይጠይቅ፤ በውሉም ላይ የሠሪው ስም፥ የተሠራበት ዘመንና የሁለቱም ብርሃን መልክ ይጻፍ። በሱቅም ውስጥ ባለ ክር አምፑል ከዕቃው አጠገብ ማኖር፥ ገዢው ሳይከፍል ሁለቱንም መልክ እንዲያይ ያደርገዋል።