ሥራው የት ደረሰ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ፣ አል ራሺዲያ ነው። ለካርጎ ቢሮ በጃንጎ በሠራሁት ሲስተም ላይ ትልቅ የኤክሴል ፋይል ሲጫን ገጹ ይደርቃል፤ ሠራተኞቹም ደግመው ይጭኑታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ፋይሉን ተቀብለው ሥራውን ከገጹ ጀርባ ለሚያስኬደው ለሴለሪ ያስተላልፉ፤ ለገጹ ወዲያው የ202 ምላሽ ከሥራው መለያ ቁጥር ጋር ይላኩ። ሴለሪ በየ100 መስመሩ «ከ5000 መስመር 1200 አልቋል» ብሎ ዳታቤዝ ላይ ይመዝግብ። በየመስመሩ ከመዘገበ ምዝገባው ራሱ ሥራውን ያጓትታል። ገጹ ሥራው የት እንደደረሰ በየ2 ሴኮንዱ ይጠይቅ፤ ለዚህ ዌብሶኬት አያስፈልግዎትም።

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፦ ያለቁትን መስመሮች ቁጥር ከዋናው ትራንዛክሽን ውጭ ያስመዝግቡ፤ አለበለዚያ ሥራው እስኪያልቅ 0 ላይ ቆሞ ይታያል። ቁጥሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተመዘገበበትን ሰዓትም ይያዙ። ሥራው 5 ደቂቃ ዝም ካለ «ተቋርጧል» ይበሉ እንጂ ሰውን በከንቱ አያስጠብቁ።