ብዕር ለያዘች የጎጆ ልጅ

ልጄ፣ ሁለት ደብተር ሞልተሽ ሦስተኛው ላይ መጻፍ ማቆምሽን ሰማሁ። «ትልልቆቹን ሳነብ የራሴው ያሳፍረኛል» ብለሻል አሉ። መልሰው ብዕር የሚያስጨብጡሽም እነዚያው ያሳፈሩሽ ደራሲዎች ናቸው፤ ብቻ አነባበቡን እወቂበት።

1. ከቅርብሽ ጀምሪ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደው እዚሁ አምቦ አጠገብ፣ ቦዳ ነው። ገና በአምቦ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዳዮኒሰስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ተውኔት ጻፈ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት ታየለት። ሰው ስለ እሱ ሲያወራ «ሀ ሁ በስድስት ወር»ን፣ ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ መመለሱን፣ ብሔራዊ ቴአትርን መምራቱን ያነሳል። አንቺ ግን ያንን የተማሪ ቤት ተውኔት አስቢ። ልጁ ፍቀዱልኝ ሳይል ጀመረ፣ ጨረሰ፣ ሰው ፊት አቀረበ። አንቺ የጀመርሽውን አንድ ታሪክ እንኳ ጨርሰሽ ታውቂያለሽ?

2. የቤትሽን ቋንቋ አትደብቂ። ጸጋዬ በአባቱ ኦሮሞ፣ በእናቱ አማራ ነው፤ ሁለቱንም እየሰማ አደገ፣ ግዕዝም ተማረ። በእንግሊዝኛ ሲጽፍ እንኳ የአንዱን ተውኔት ርእስ ከኦሮሞው የኦዳ ዛፍ ወሰደ። የእናትሽ ቁጣ በአማርኛ ሲጻፍ ከቀዘቀዘብሽ በኦሮምኛው ተይው። አንባቢ ከፊቷ ይረዳዋል።

3. ዕድሜና ሥራን ሰበብ አታድርጊ። ይህን ረዘም አድርጌ የምነግርሽ ብዙ ጎበዝ ልጅ እዚህ ላይ ሲቀር ስላየሁ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ተወለዱ። በጣሊያን ወረራ ዘምተው ተማረኩ፤ ፖንዛና ሊፓሪ በሚባሉ ደሴቶች ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ከአንዱ የመንግሥት ሥራ ወደ ሌላው ሲሉ ኖሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ሰውየው 56 ዓመት ሆኗቸው ነበር! በዚያም አላበቁም። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልም እዣት» በ1980 ወጡ። ሁለተኛው በሰባ ስምንት ዓመታቸው ማለት እኮ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ያንን የመጀመሪያውን ልብ ወለድ በሬዲዮ፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው፣ ሬዲዮ ያለው ሰው ቤት ደጃፉ ድረስ ይሞላ ነበር። ፊደል ያልቆጠሩ አዛውንቶች ገብስ አጨዳ ላይ ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። አንዱማ ፊታውራሪ መሸሻን ጎረቤቱ ይመስል ይረግማቸው ነበር። ከሃምሳ ዓመቱ በኋላ የጻፈ ሰው እንዲህ ከተሰማ፣ አንቺ በሃያ ዓመትሽ «ረፈደብኝ» ስትዪ ጆሮዬን ያሳክከኛል።

4. ማተሚያ ቤት አላገኘሁም ብለሽ አትቁሚ። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ከተጻፈ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሳይታተም ኖሯል። እሱ ግን መጻፉን አልተወም።

5. የወደድሽውን ደራሲ ቃል አትኮርጂ። የጸጋዬ ግጥም ከብዶ የሚያምረው በእሱ አፍ ነው፤ አንቺ ስትሞክሪው ከባድ ብቻ ይሆናል። ይልቅ ምን እንዳየ፣ እንዴት አድርጎ እንዳየው መርምሪ። ከዚያ ወጥተሽ የራስሽን እዪ። ጎጆ ከተማ ውስጥ ድንች አይሱዙ ላይ ሲጫን ቆመሽ ተመልክተሽ ታውቂያለሽ? ጆንያው አፉ ድረስ ይሞላል፣ ከአፉም በላይ ይቆለልና በገመድ ይሰፋል። ተሸካሚው ከማንሳቱ በፊት እጁን በአፈር ይፈትጋል። ደላላው ለገበሬው አንድ ዋጋ፣ ለነጋዴው ሌላ ዋጋ ይናገራል። የገበሬው ሚስት ዝም ብላ ትቆጥራለች። ስለ እሷ የጻፈ ሰው እኔ አላነበብኩም።

6. ቀን ቁረጪ። በሳምንት ሦስት ማታ፣ ራት ከተበላ በኋላ፣ አንድ ገጽ። ስልኩን ለእናትሽ ስጪያት። ገጹ ቢያስጠላሽም አትቅደጂው፤ በማግስቱ አንብበሽ የሚሰረዘውን ሰርዢ።

7. ጮክ ብለሽ አንብቢው። ዓይን ያለፈውን ስህተት ጆሮ ይይዘዋል። የሚያደንቅሽን ብቻ ፈልገሽ አታንብቢለት፤ «እዚህ ጋ ሰለቸኝ» የሚልሽን ሰው ያዢ። ሌላ ካጣሽ እኔ አለሁ። ሦስተኛውን ደብተር ይዘሽ ነይ፤ ያላለቀውን የመጀመሪያ ታሪክሽን እስከ መጨረሻው ጽፈሽ።