ስለ ሥራና ስለ ሥራ ቃላት

ሰው እንጀራውን በሥራ ያገኛል። ሥራውም ልዩ ልዩ ነው። እያንዳንዱ ሥራ ስም አለው፤ ሥራውን የሚሠራውም ሰው በሥራው ስም ይጠራል።

መሬት የሚያርስ ገበሬ ይባላል። ከብት የሚጠብቅ እረኛ ይባላል። ሸማ የሚሠራ ሸማኔ ይባላል። ብረት የሚቀጠቅጥ ቀጥቃጭ ይባላል። ከጭቃ እንስራና ምጣድ የምትሠራ ሸክላ ሠሪ ትባላለች። በድንጋይ ቤት የሚሠራ ግንበኛ፥ እንጨት የሚጠርብ አናጢ፥ ዕቃ የሚገዛና የሚሸጥ ነጋዴ፥ ልጆችን የሚያስተምር አስተማሪ ይባላል።

ከዳባት ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ወደ አዲ አርቃይ የሚሄድ መንገደኛ ይህን ሁሉ ሥራ ያያል። ዳባትና ደባርቅ ደጋ ናቸው፤ ገበሬው በዚያ ገብስና ባቄላ ይዘራል። ከደባርቅ ቀጥሎ የሊማሊሞ ገደል አለ። የመኪናው መንገድ በገደሉ ላይ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ይህ መንገድ የተሠራው ኢጣልያ ኢትዮጵያን በያዘችበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ከገደሉ በታች ዛሪማ፥ ከዛሪማም በኋላ አዲ አርቃይ ይገኛሉ። በዚያ አገሩ ይሞቃል፤ ማሽላና ጤፍ ይበቅልበታል።

በዚህ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሌላውን ሰው ሥራ ይፈልጋል። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ ማረሻውም ከቀጥቃጩ እጅ የወጣ ነው። ነጋዴው ያለ ሹፌር እህሉን አያሻግርም። ሹፌሩም ድንጋይ ፈልጠው መንገድ ባበጁ ሰዎች ድካም ላይ ይነዳል። እንግዲህ ብቻውን የሚኖር ሠራተኛ የለም።

ዱሮ ግን ብዙ ሰዎች ሠራተኛን ይንቁ ነበር። በጐንደርና በስሜን አገር ብዙ ቤተ እስራኤል ብረት በመቀጥቀጥና ሸክላ በመሥራት ይኖሩ ነበር። ጐረቤቶቻቸውም ማረሻውንና ምጣዱን ይገዙአቸው ነበር፤ ሰዎቹን ግን ቡዳ ናቸው እያሉ ይሸሹአቸው ነበር። ይህ ትልቅ በደል ነው። በማረሻው ያረሰ፥ በምጣዱም ያስጋገረ ሰው ዕቃውን ወድዶ የሠራውን እጅ ሊንቅ አይገባውም። ከዚያ አገር ቤተ እስራኤል አብዛኞቹ በ1970ዎቹና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህን የመሰለውን ስድብ ለማስቀረት በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አወጁ። ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውን፥ ጸሐፊውን፥ ገበሬውንና ነጋዴውን ስለ ሥራው መስደብ ክልክል ሆነ። ብልሃተኛ ሰው በሥራው ከተሰደበ ሥራውን ይተዋል፤ ለልጁም አያስተምርም፤ አገርም ባለ እጅ ያጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ ሠራተኛን በሥራው ስም ጥራው እንጂ በስድብ ስም አትጥራው።

ከጊዜ በኋላ በዚሁ አገር አዳዲስ ሥራዎች መጡ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ መሥሪያ ቤቱም በደባርቅ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ከዚህም የተነሣ ሌሎች የሥራ ስሞች ተለመዱ። ዋልያውንና ጭላዳውን የሚጠብቅ፥ ከእንግዶችም ጋር የሚሄድ ዘበኛ ስካውት ይባላል። ለእንግዳ መንገድ የሚያሳይና አገሩን የሚያስረዳ አስጐብኚ ይባላል። በሰፈሩበት ምግብ የሚያዘጋጅ ምግብ አብሳይ፥ ዕቃውን የሚጭን በቅሎ ነጂ ይባላል። በዳባትም የጐንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ምርምር ጣቢያ አቋቁሟል፤ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የተወለደውንና የሞተውን የሚጽፉ ሠራተኞችንም አሰማርቷል፤ እነዚህም መዝጋቢዎች ናቸው።

የሥራን ስም ማወቅ ብቻ ግን አይበቃም፤ የቅጥርንም ቃላት ማወቅ ያስፈልጋል። ሥራ የሚያሠራ አሠሪ ይባላል። ሥራውን የሚሠራ ሠራተኛ ይባላል። ሁለቱ የሚስማሙበት ቃል ውል ይባላል። ሠራተኛው ስለ ድካሙ የሚቀበለው ገንዘብ ደመወዝ ነው። ለበቅሎ የሚከፈለው ግን ኪራይ ይባላል። ደመወዝ የሌለበትም ሥራ አለ። ጐረቤቶች ተሰብስበው የአንዱን እርሻ ሲያጭዱ ደቦ ይባላል። ዛሬ ለአንዱ፥ ነገ ለሌላው በተራ ሲሠሩ ወንፈል ይባላል።

የእነዚህን ቃላት ጥቅም የሁለት በቅሎ ነጂዎች ምሳሌ ያስረዳል።

ሁለት በቅሎ ነጂዎች በደባርቅ ነበሩ፤ አንዱ ወጣት፥ ሁለተኛው ሽማግሌ። አንድ አሠሪ የእንግዶችን ዕቃ በተራራው አሳልፎ ወደ አዲ አርቃይ የሚያደርስ ሰው ፈለገ። አስቀድሞ ወጣቱን አገኘውና፥ «መንገዱ ሰባት ቀን ነው፤ በየቀኑ እየቈጠርሁ እከፍልሃለሁ» አለው። ወጣቱም ደስ ብሎት «እሺ፥ ጌታዬ» አለና በቅሎውን ጭኖ ቀደመ።

አሠሪው ሁለተኛ በቅሎ ስለ አስፈለገው ሽማግሌውን ጠራ። ሽማግሌው ግን ሳይጭን ጠየቀ።

«ከአዲ አርቃይ እስከ ደባርቅ ባዶ በቅሎ እየነዳሁ ስመለስ ሁለት ቀን እሄዳለሁ። መመለሻው ይቈጠራል ወይስ አይቈጠርም? ስንቁስ በማን ነው?» አለ።

አሠሪው ጥቂት አሰበና፥ «መመለሻው ይቈጠርልዎታል፤ ስንቁ ግን በራስዎ ነው» አለ።

«እንግዲያስ በወረቀት ይጻፍልኝ» አለ ሽማግሌው።

ወረቀቱ ተጻፈ። ሽማግሌው ማንበብ አልተማረም ነበር፤ ስለዚህ ከትምህርት ቤት የሚመለስ አንድ ልጅ ጠርቶ፥ «ልጄ፥ እስኪ ይህን አንብብልኝ» አለው። ልጁ ቀስ ብሎ አነበበ። በወረቀቱም «ሰባት ቀን» የሚል ነበረ እንጂ ስለ መመለሻው የተጻፈ አልነበረም። «አባባ፥ መመለሻ የሚለው ቃል የለበትም» አለ ልጁ። አሠሪው መርሳቱን ተናግሮ ቃሉን ጨመረ። ልጁ ደግሞ አነበበው፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌው በጣቱ ፈረመ።

አዲ አርቃይ በደረሱ ጊዜ አሠሪው ሒሳብ አደረገ። ለወጣቱ የሰባት ቀን፥ ለሽማግሌው የዘጠኝ ቀን ከፈለ። ወጣቱ ተቈጥቶ፥ «ሁለታችንም የምንመለሰው በአንድ ገደል አይደለምን?» አለ። አሠሪው፥ «ከአንተ ጋር የተስማማነው ስለ ሰባት ቀን ነው፤ እርሱም ተከፍሎሃል» ብሎ መለሰለት። ወጣቱ ወረቀት አልነበረውም፤ ምስክርም አልነበረውም፤ ስለዚህ የሚናገረውን አጣ።

ሲመለሱም ወጣቱ፥ «አባባ፥ አንቱስ ስለ ምን አልነገሩኝም?» አለ።

ሽማግሌው፥ «ልጄ፥ አንተ ስትዋዋል እኔ በዚያ አልነበርሁም። እኔም በአንተ ዕድሜ ሳለሁ ይህን ሳልጠይቅ ወርጄ ደመወዝ አጥቼ ተመልሻለሁ» አለው። የወጣቱ ስንቅ አልቆ ነበርና ሽማግሌው ከራሱ ስንቅ አካፈለው። የሊማሊሞን ገደል ሲወጡም የውልን ጥያቄ አንድ በአንድ አስጠናው፤ ሥራው ምንድር ነው? ስንት ቀን ነው? ደመወዙ ስንት ነው? መቼ ይከፈላል? ማን ይከፍላል? ስንቁ በማን ነው? መመለሻውስ? ወጣቱ የሁለት ቀን ደመወዙን አላገኘም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ እነዚህን ሳይጠይቅ በቅሎውን አልጫነም።

አሠሪው የተስማማውን ከፍሏል። ይሁን እንጂ የወጣቱን አለማወቅ እያየ መመለሻውን ሳያነሣ መቅረቱ መልካም አይደለም። ቅን አሠሪ ሠራተኛው ያልጠየቀውን ራሱ ይነግረዋል።

ሕግም ለአሠሪና ለሠራተኛ ወሰን አድርጓል። በ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ወጣ። በዚህ አዋጅ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ሰዓት፥ በሳምንትም ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 ዓመት በላይ ሆኖ 18 ዓመት ያልሞላው ወጣት ሠራተኛ ቢቀጠር የቀን ሥራው ከ7 ሰዓት አይበልጥም። ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደ ሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው ይሰጣል። ሠራተኛው ሥራውን ሲለቅም የሠራውን የሥራ ዓይነት፥ የሠራበትን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል።

ደመወዝን ከሌላ ገንዘብ መለየትም ያስፈልጋል። እንግዳ ደስ ብሎት በፈቃዱ ከደመወዝ በላይ የሚጨምረው ጉርሻ ይባላል። ይህ ስጦታ ነው፤ ሠራተኛው ቢያገኘው ያመሰግናል፥ ቢያጣው አያጕረመርምም። ሠራተኛ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ለመሥራት በስውር የሚቀበለው ገንዘብ ግን ጉቦ ይባላል። ደመወዝ መብት ነው፤ ጉርሻ ስጦታ ነው፤ ጉቦ ወንጀል ነው።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ንባብ የሚጠቅመው ለተማሪው ብቻ አይደለም። በደባርቅ መንገድ ላይ አንድ ልጅ አንድ ቃል ማጣቱን ስለ አወቀ የአንድ ሽማግሌ የሁለት ቀን ድካም ከንቱ አልቀረም። ማንበብ የተማረ ሁሉ ማንበብ ላልተማረው ጐረቤቱ የውሉን ወረቀት በትዕግሥት ያንብብለት፤ ያልተጻፈውንም ይንገረው።

ቃላት

አሠሪ፤ ሰው ቀጥሮ ሥራ የሚያሠራ።
ሠራተኛ፤ ሥራ የሚሠራ።
ውል፤ አሠሪና ሠራተኛ የሚስማሙበት ቃል።
ደመወዝ፤ ስለ ሥራ የሚከፈል ገንዘብ።
ኪራይ፤ ስለ በቅሎ፥ ስለ ቤት ወይም ስለ ዕቃ የሚከፈል ገንዘብ።
ወንፈል፤ ጐረቤቶች በተራ የሚረዳዱበት ሥራ።
ጉርሻ፤ ከደመወዝ በላይ በፈቃድ የሚሰጥ ስጦታ።
ባለ እጅ፤ በእጁ ብልሃት የሚሠራ ሰው።

ጥያቄ

1. ማረሻ የሚሠራ ሰው ማን ይባላል? ሸማ የሚሠራስ?
2. የ1900 ዓ.ም. አዋጅ ምን ከለከለ?
3. ወጣቱ በቅሎ ነጂ የትኛውን ቃል ሳይጠይቅ ቀረ? ምን አጣ?
4. ደመወዝ፥ ጉርሻና ጉቦ በምን ይለያያሉ?
5. በሰፈርህ የሚሠሩ የአምስት ሠራተኞችን የሥራ ስም ጻፍ፤ እያንዳንዱም የሚሠራበትን መሣሪያ ጨምር።