«አልተመረጣችሁም» ለሚለው መልስ የሚሰጥ መልስ
የመጀመሪያ ሥራቸውን ለሚፈልጉ ጀማሪ ፕሮግራመሮችና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ትምህርት

ከኮምፒውተር ሳይንስና ከሶፍትዌር ምህንድስና ትምህርት ክፍሎች በየዓመቱ ብዙ ወጣቶች ይመረቃሉ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርም በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በፕሮግራሚንግ፣ በአንድሮይድ መተግበሪያ፣ በዳታ ትንተናና በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ዕውቀት ለማስጨበጥ የታሰበ ነው። ከዚህም የተነሣ በየአጥቢያችንና በየሰንበት ትምህርት ቤታችን የምስክር ወረቀቱን ይዞ የመጀመሪያ ሥራውን የሚፈልግ ወጣት ማየት የተለመደ ሆኗል። ይህ ወጣት ማስታወቂያ ባየ ቁጥር ማመልከቻ ይልካል። የሚያገኘው መልስ ግን በአብዛኛው ዝምታ ነው፤ አልያም መልካም ዕድል ተመኝቶ የሚያሰናብት አጭር መልእክት ነው። ይህ ለወራት ሲደጋገም ከኪሱ ይልቅ ልቡ ይጎዳል። ከጉባኤ ይቀራል፤ ከጓደኞቹ ይሸሻል፤ አንዳንዱም አደገኛውን የስደት መንገድ ማሰብ ይጀምራል። ስለዚህ አለመመረጥን እንዴት ልንቀበለውና ልንማርበት እንደምንችል በዚህ ትምህርት እንመለከታለን።

አለመመረጥ ምን ይነግረናል?

ለአንድ የሥራ ቦታ ሁለት መቶ ሰው ቢያመለክት 199ኙ አይመረጡም። ከእነዚህ መካከል ሥራውን በሚገባ ሊሠሩ የሚችሉ ብዙዎች ይኖራሉ። ዘመኑም የራሱ ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 ታላላቅ የዓለም የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞችን አሰናብተዋል፤ ከሀገር ውጭ ላለ ኩባንያ በርቀት ለመሥራት የሚያመለክት ጀማሪ ልምድ ካላቸው ከእነዚህ ሰዎች ጋር ይወዳደራል። ቀድሞ ለጀማሪ ይሰጡ ከነበሩ ቀላል ሥራዎችም አንዳንዶቹን ዛሬ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ያግዛሉ።

እንግዲህ «አልተመረጥህም» የሚለው ቃል የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለዚህ ቦታ በዚህ ጊዜ ሌላ ሰው ተመርጧል። ስለ አመልካቹ ችሎታ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ስለ ሰውነቱ ክብር ደግሞ ከቶ አይናገርም። ሰው በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ነውና ክብሩን የሚሰጠውም ሆነ የሚነሣው ቀጣሪ የለም።

በሌላ በኩል «ሥራው ለዘመድ ተይዟል» ብሎ ሁሉንም በአንድ ምክንያት መደምደምም ይጎዳል። አንዳንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ዘወትር ይህን የሚል ሰው ግን የሚማርበትን በር በራሱ እጅ ይዘጋል።

ከቅኔ ቤት የምንማረው

በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን መመለስ የዕለት እንጀራ ነው። የቅኔ ተማሪ ገና ከጉባኤ ቃና ሲጀምር ያሰበውን ይዞ ወደ የኔታ ይቀርባል። የኔታም «ቤቱ አልሞላም» ወይም «ሰሙና ወርቁ አልተስማማም» ብለው ይመልሱታል። ተማሪው በማግሥቱ አስተካክሎ ይመጣል። መመለሱ የማያሳፍረው፣ የተመለሰበት ምክንያት ስለሚነገረውና ጓደኞቹም እንዲሁ ስለሚመለሱ ነው።

የሥራ ፍለጋው ሕመም የሚበረታው እነዚህ ሁለቱ ስለሚጎድሉ ነው። ቀጣሪው ምክንያቱን አይናገርም፤ አመልካቹም ለብቻው በስልኩ መልእክቱን አንብቦ ለብቻው ያዝናል። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችን እናውቃለን። ትሏ ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ ዛፉን እንደ ወጣች እንናገራለን፤ ያሬድ ይህን አይቶ ወደ መምህሩ እንደ ተመለሰ ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። ጽናቱ ፍሬ ያፈራው ስሕተቱን ከሚያርመው መምህር ፊት ተመልሶ ስለ ተቀመጠ ነው። ዛሬም ሥራ ፈላጊው የሚያርመው መምህርና አብሮት የሚማር ጉባኤ ያስፈልገዋል።

የቆምንበትን በር መለየት

አንድ ደብተር እናዘጋጅ። ያመለከትንበትን ቀን፣ የሥራውን ዓይነት፣ የቆምንበትን ደረጃና ያልመለስነውን ጥያቄ እንመዝግብ። አሥር ያህል ማመልከቻዎች ሲመዘገቡ ችግሩ የት እንዳለ መታየት ይጀምራል።

የመጀመሪያው በር የሕይወት ታሪክ ጽሑፍ ነው። ለሁሉም የሚመጣው ዝምታ ከሆነ ገና ችሎታችን አልተመዘነም። አንድ ዓይነት ጽሑፍ ለሁሉም መላክን ትተን በማስታወቂያው የተጠየቀውን ከሠራነው ጋር አያይዘን እንጻፍ።

ሁለተኛው በር የሙያ ፈተና ነው። እዚህ የሚቆም ሰው ክፍተቱን በግልጽ ያገኛል፤ ዳታ ስትራክቸር ይሁን፣ የዳታቤዝ ጥያቄ ይሁን፣ የጊዜ አጠቃቀም ይሁን ለይቶ ያጥናው። ፈተናው በሰዓት የተወሰነ ከሆነ መብራትና ኢንተርኔት የማይቋረጥበትን ቦታ አስቀድሞ መፈለግም የዝግጅቱ ክፍል ነው።

ሦስተኛው በር ቃለ መጠይቅ ነው። ብዙዎች ሥራውን እያወቁ መግለጽ ይቸገራሉ። መድኃኒቱ በጓደኛ ፊት፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ፣ የጻፉትን ኮድ መስመር በመስመር ማስረዳት ነው።

እስከ መጨረሻው ዙር ደርሶ የተመለሰ ሰው ደግሞ ለሥራው መቅረቡን ይወቅ። በትሕትና አመስግኖ «ምን ባሻሽል ይበጃል?» ብሎ ይጠይቅ። ሁሉም ባይመልሱም የሚመልስ አንድ ሰው ብዙ ያስተምራል። ከመቀጠር በፊት «የመመዝገቢያ» ወይም «የሥልጠና» ክፍያ ከሚጠይቁ ግን እንጠንቀቅ፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው በቀላሉ ይታለላልና።

በእጅ የሚታይ ሥራ

የምስክር ወረቀት የያዙ ሲበዙ አመልካቹን የሚለየው የሠራው ነገር ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከሚደግሙት መልመጃ ይልቅ አንድ ሰው በእውነት የሚገለገልበት ትንሽ ፕሮግራም ይበልጣል። ለምሳሌ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የውሰት መዝገብ መሥራት ይቻላል።

ባሕረ ሐሳብም መልካም ልምምድ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ19 ይካፈላል፤ ከቀሪው አንድ ሲቀነስ ወንበር ይገኛል። ወንበር በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው መጥቅዕ ነው። ለ2018 ዓ.ም. ወንበሩ 12፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ይሆናል፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣታቸው ስሌቱን ያረጋግጣል። ለ19 ተካፍሎ ቀሪ በማይኖርበት ዓመት ፕሮግራሙ ምን ያደርጋል? በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን የምትሆነውን ጳጉሜንስ ያውቃታልን? እነዚህን ጥያቄዎች አስቦ የመለሰና ሥራውን በጊትሀብ ላይ ከማብራሪያ ጋር ያስቀመጠ ወጣት በቃለ መጠይቅ የሚናገረው አያጣም።

የቤተሰብና የአጥቢያ ድርሻ

ወላጆች በየማታው «ዛሬስ ተቀጠርክ?» ብለው ሲጠይቁ ፍቅራቸውን እየገለጹ ነው፤ ልጁ ግን እንደ ክስ ይሰማዋል። «ልጄ፣ ዛሬ ምን ተማርክ?» የሚለው ጥያቄ ሸክሙን ያቀልለታል። በኮምፒውተር ፊት የሚያሳልፈውም ሰዓት ሥራ መሆኑን እንረዳለት። እርሱም በበኩሉ ለማመልከቻ፣ ለጥናት፣ ለጸሎትና ለዕረፍት የተወሰነ ሰዓት ይኑረው፤ የዕለት ወጪውን የሚሸፍንለት ሌላ ሥራ ቢያገኝ መሥራቱ ዓላማውን መተው አይደለም።

ሰንበት ትምህርት ቤቶች በሳምንት አንድ ጊዜ ሥራ ፈላጊዎችን ሰብስበው ደብተራቸውን እንዲያነቡ፣ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ እንዲያርም ቢያደርጉ ትልቅ ወጪ አይጠይቃቸውም። በሙያው የቆዩ ምእመናንም በወር ሁለት ሰዓት ሰጥተው እንደ የኔታ «ይህ አልሞላም፤ በዚህ አስተካክለው» ቢሉ አገልግሎት ነው። ሐዘኑ በርትቶ እንቅልፍና ምግብ የሚነሣ፣ ሕይወትን የሚያስጠላ ከሆነ ግን ሳይዘገይ ወደ ንስሐ አባትም ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያም መሄድ ይገባል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

የተመለሰ ማመልከቻ ሁሉ ምክንያቱ ተፈልጎ በደብተር ከሰፈረ ለቀጣዩ ስንቅ ይሆናል። በወጣቶቻችን ድካም ላይ እግዚአብሔር በረከቱን ይጨምርልን።

ለውይይት

1. በአጥቢያችን ሥራ በመፈለግ ላይ ያሉ ስንት ወጣቶች እንዳሉ እናውቃለን?
2. ካለፉት ማመልከቻዎቻችን አብዛኞቹ የቆሙት በየትኛው በር ላይ ነው?
3. ያለ ሐፍረት ስሕተታችንን ሊያርመን የሚችል ማን አለ? እኛስ ማንን ልናርም እንችላለን?