የካርቦን ፑል ዱላ ለማን ያዋጣል?

ለመስቀል ወይም ለአረፋ ወደ አገር ቤት የሚገባ ዘመድ ከውጭ ደውሎ «ምን ይዤልህ ልምጣ?» ሲል፣ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ፑል የሚወድ ወጣት የካርቦን ዱላ ማዘዝ ሊያምረው ይችላል። ፑል ቤት ያለው ነጋዴም እንዲሁ። የሁለቱ መልስ ግን ይለያያል። ካርቦን የሚያዋጣው የራሱን ዱላ ይዞ ለሚጫወት ሰው ነው። ባለ ቤቱ ያንኑ ገንዘብ ሌላ ቦታ ቢያውለው ይጠቀማል።

ካርቦን ምን ይጨምራል?

ነጩን ኳስ ከመሀሉ ቀኝ ሲመቱት፣ ካነጣጠሩበት መስመር ትንሽ ወደ ግራ ይሸሻል። ሽሽቱን የሚያበዛው የዱላው ጫፍ ክብደት ነው፤ ጫፉ ቀላል ከሆነ ዱላው ራሱ ገለል ይልና ኳሱ መስመሩን ይይዛል። የካርቦን ቱቦ ጠንካራ ሆኖ ጫፉ ቀላል ስለሚደረግ ለዚህ ይመቻል። ሆኖም ጫፋቸው እንዲቀል ተደርጎ የተሠሩ የእንጨት ዱላዎችም አሉ። ፕሬዴተር የተባለው ኩባንያ እንዲህ ያሉትን የሸጠው ሬቮ የተሰኘውን ካርቦኑን እ.ኤ.አ. በ2016 ከማውጣቱ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ነው። በእጅዎ እንዲህ ያለ ጥሩ እንጨት ካለ በኳስ አመታት ረገድ የሚያገኙት ልዩነት ትንሽ ነው።

ትልቁ ትርፍ ሌላ ነው፤ ካርቦን አይጎብጥም። በክረምት እርጥበት የጠጣ እንጨት በጋ ላይ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ካርቦን ከዚህ ነፃ ነው። ጽዳቱም ቀላል ነው፤ አልኮል በነካ ጨርቅ መወልወል ይበቃል። በብርጭቆ ወረቀት ግን ፈጽሞ አይፈተግም፤ ብናኙ ለሳንባ ጎጂ ነው።

ዋጋና ምርጫ

እንደ ሬቮና እንደ ኩቴክ ሲነርጂ ያሉ ስመ ጥሮች የፊተኛው ግማሽ ብቻ ከ350 እስከ 600 ዶላር ገደማ ያወጣል፤ መያዣው ለብቻው ይገዛል። ብዙም ስም የሌላቸው የቻይና ሥራዎች ከ200 ዶላር በታች ይገኛሉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን፣ ብሩን በሚከፍሉበት ቀን ያስሉት።

ከማዘዝዎ በፊት የመያዣዎን ብሎን ዓይነት አረጋግጠው ፎቶውን ይላኩ፤ ብሎኑ ካልገጠመ ውዱ ዱላ አይሠራም። ሬቮ በ11.8፣ በ12.4 እና በ12.9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይሠራል። ቀጭኑ ኳስ ለማሽከርከር ያመቻል፤ የእጅ ስህተትን ግን ብዙም አይሸፍንም። የፑል ቤት ዱላ ብዙውን ጊዜ 13 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ በእሱ የለመደ ሰው ከ12.4 ወይም ከ12.9 ቢጀምር ይሻለዋል።

ባለ ቤት ከሆኑ

የቤት ዱላ በብዙ እጅ ያልፋል፤ ይወድቃል፣ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ያድራል። የአንዱን ካርቦን ዋጋ በአንድ ጨዋታ ክፍያ አካፍለው ስንት ጨዋታ እንደሚፈጅ ይመልከቱ። ደንበኛ ደግሞ የሚመርጠው ጠረጴዛው የተስተካከለበትን፣ ጨርቁ ያልተበሳበትንና ዱላው ቀጥ ያለበትን ቤት ነው።

ዱላዎቹን በየጊዜው ጠረጴዛ ላይ ያንከባልሉ፤ በዱላውና በጨርቁ መሀል ብርሃን ብቅ ጥልቅ ካለ ጎብጧል። የጫፉ ቆዳ ከሳሳ ወይም እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ይለውጡት። የቀረውን በስለት ቆርጠው ያንሱ፣ ሥሩን በብርጭቆ ወረቀት ፍጹም ልሙጥ ያድርጉ፣ አዲሱን በሱፐር ግሉ አጣብቀው እስኪደርቅ አይንኩት። ከዚያ የተረፈውን ዙሪያ ይከርክሙና አናቱን ክብ አድርገው ይሞርዱት። ቆዳው ጠመኔ ካልያዘ ብዙ ሺህ ብር የወጣበትም ዱላ ይስታል።

ስለዚህ ባለ ቤቱ መጀመሪያ ጨርቁን፣ ቀጥሎ ቆዳውን፣ ከዚያ ቀጥ ያሉ እንጨቶችን ያሟላ። ዕለት ዕለት የሚለማመድና ነጩን በጎን መምታት የጀመረ ተጫዋች ግን አቅሙ ከፈቀደ ካርቦን ይግዛ፤ በደንብ ከያዘው ለዓመታት ያገለግለዋል።