ስለ ጎርፍና ከደመና በላይ ሆኖ ስለሚመለከተው ራዳር

በአገራችን ወንዝ ሞልቶ ከዳርቻው የሚወጣው ይልቁንም በክረምት ነው። በክረምት ደግሞ ሰማዩ በደመና ይሸፈናልና፥ በፀሐይ ብርሃን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሳተላይት ከደመናው በታች የሆነውን ሊያሳየን አይችልም፤ በሌሊትማ ጎርፉን ፈጽሞ አያየውም። ስለዚህ ሊቃውንት በራዳር የሚያይ ሳተላይት ሠሩ።

ራዳር የራዲዮ ሞገድ ወደ ምድር ይልክና፥ የገደል ማሚቶ ድምፅን እንደሚመልስ ተመልሶ የሚመጣለትን ይቀበላል። ሞገዱ ደመናና ጨለማ አይከለክሉትም። ሸካራ መሬትና ቅጠል ሞገዱን ስለሚበትኑት፥ ከፊሉ ወደ ሳተላይቱ ይመለሳል፤ በሥዕሉም ላይ ነጣ ብሎ ይታያል። የተኛ ውኃ ግን እንደ መስተዋት ለስላሳ ነውና፥ በሰያፍ የመጣውን ሞገድ ወደ ሌላ ወገን ይመልሰዋል፤ ስለዚህ ጥቁር ሆኖ ይታያል። የበጋውን ሥዕል ከክረምቱ ጋራ ያስተያየ ሰው ጎርፉ የያዘውን ስፍራ ለይቶ ያውቃል። ነገር ግን ነፋስ ያናወጠው ውኃ፥ ወይም ረዥም ሰብል የሸፈነው ውኃ ሊያሳስት ይችላል።

ራዳር ለትንቢያም ይረዳል። በ1992 ዓ.ም. በየካቲት ወር ኤንዴቨር የተባለው የአሜሪካ መንኰራኵር በ11 ቀን የብዙውን ዓለም ከፍታና ዝቅታ በራዳር ለካ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮም አሜሪካና ጃፓን በአንድነት በላኩት ሳተላይት የዝናብን ብዛት ከላይ ይለካሉ። የዝናቡ ብዛትና የምድሩ ተዳፋት ከታወቁ፥ ውኃው ወዴት እንደሚወርድ አስቀድሞ ማስላት ይቻላል።

ሆኖም ሳተላይት መንገደኛ ነው እንጂ ዘበኛ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. አውሮፓውያን የላኩት ሴንቲኔል አንድ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሲዞር፥ አንዱ ሳተላይት በዚያው መንገድ ተመልሶ እስኪያልፍ 12 ቀን ይፈጅበታል። በጣና ዳር በፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውኃው ብዙ ቀን ይሰነብታልና፥ ሥዕሉ እርዳታ የሚያስፈልገውን መንደር ለማወቅ ይጠቅማል። በድሬዳዋ ግን ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፥ ከደጋው የወረደው የደቻቱ ጎርፍ ሕዝቡ እንደተኛ በድንገት ደርሶ ከ250 የሚበልጥ ሰው ፈጀ። እንዲህ ያለው ጎርፍ መንገደኛውን አይጠብቅም፤ በላይ ያለው ሰው በታች ላለው ቶሎ ካልነገረው በቀር ማምለጥ አይቻልም።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ በወንዙ ዳር ልኩ የተጻፈበት እንጨት አስተክላችሁ ውኃው የደረሰበትን በክረምት በየቀኑ በመዝገብ አጽፉ፤ ልጆቹ ግን ውኃው ሲሞላ እንዳይጠጉ ከሩቅ ያንብቡ። እናንተም ሽማግሌዎች፥ ጎርፍ በየዘመኑ እስከ የት እንደደረሰ ለልጆች አሳዩአቸው። ከሰማይ የተነሣው ሥዕል እውነተኛነቱ የሚመረመረው ምድሩን በሚያውቅ ሰው ምስክርነት ነው።

ጥያቄ።
1. የተኛ ውኃ በራዳር ሥዕል ላይ ስለ ምን ጥቁር ሆኖ ይታያል?
2. የፎገራና የደቻቱ ጎርፍ በምን ይለያያሉ?
3. በመንደራችን ጎርፍ ቢመጣ ማን ለማን ይነግራል? ሕዝቡስ ወዴት ይወጣል?